አባትህ በየት በኩል ይሰማል

ከሚሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሮተርዳም ለሚገኘው ለእህቴ ልጅ ለቶፊቅ ሙሀመድአሚን ይድረስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ከብርዱ ይሰውርህ፤ ክፉ ሰው ካለበት መንገድ ያዙርህ፤ ጉልበትህን በሰው አገር ብቻ አያስጨርስብህ። አሚን በል። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ጨፋ ላይ ሳሩ ዘንድሮ እስከ ጉልበት ነው፤ ከብቱም ጠግቦ ሰው አያስጠጋም።

ይህን ጽሑፍ አይተህ «ማንን አስጽፎ ነው?» ካልክ፣ ማንንም። እኔው ነኝ፣ አጎትህ ሙህዲን። ከሚሴና ባቲ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ከብት ሳሻሽጥ በጣቴ ስፈርም የኖርኩት ደላላ፣ ዘንድሮ የማታ ትምህርት ጨርሼ በብዕር ፈረምኩ። ከወንዶቹ አንደኛ ነኝ። ወንዶቹ ስንት ነበራችሁ አትበለኝ። ሦስት ነበርን፤ አንዱ አዝመራ ሲደርስ ቀረ፤ ሌላው የኔን ደብተር እያየ ነበር የሚጽፈው። ሴቶቹን ከኛ ጋር ደምራ የቆጠረችው አስተማሪያችን ሙና ናት እንጂ እኔ አልጠየቅኋትም። ይሄን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን ስልክ ማንም ይደውላል። እኔ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የላክኸው ዕቃ በሐርቡው ነጋዴ ኮንቴይነር አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ በአይሱዙ ተጭኖ ሰኞ ከሚሴ ደረሰ። አላህ ይስጥህ፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ስንፈታው ግን የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ግራ ገባው። እኛ ድምፅ ማጉያ ሲባል የምናውቀው ሳዳም ለሰርግ የሚያከራየውን ሞንታርቦ ነው፤ ሆድ ያለው፣ የሚያጓራ። ይሄ ምንድን ነው? ሁለት ሰሌዳ! ቁመታቸው ከኔ ይበልጣል፤ ውፍረታቸው ሦስት ጣት አይሞላም፤ ፊታቸው ጨርቅ ነው። አንዱ «መዝጊያ ነው» አለ። ሌላው «መዝጊያ ከሆነ ማጠፊያው የት አለ?» አለው። ሳዳም ዞሮ ዞሮ አየና፣

«አያ ሙህዲን፣ ቁም ሳጥን ሲልኩልህ ሳጥኑን ረስተውታል» አለኝ።

«አንተ ሆድ ያለው ሁሉ የሚናገር ይመስልሃል» አልኩት። ሆዱን ታውቀዋለህ።

አባትህ መንዙማ ይልበት ወደነበረው ትልቁ ቤት አስገባናቸው። እኔም እንደ ወጉ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኳቸው፤ ክቡር ዕቃ መሀል ቤት አይገተርም። ባለቤቴ ቶይባ አቧራ እንዳይገባባቸው ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ሠርታ አለበሰቻቸው። ሁለት ሙሽራ መስለውልሃል። ከዚያ ሳዳም አምፕሊፋየሩን አገናኝቶ ሬዲዮ ከፈተ። ዜና አንባቢው ጎተራ ውስጥ ወድቆ «አውጡኝ» እንደሚል ሰው ሆነብን። እኔ አሁን አንባቢ ሰው ነኝና «ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፣ መመሪያ ነው የጎደለን» ብዬ አስቆምኩት። የአባትህን የመንዙማ ቅጂ አልነካሁትም። መጀመሪያ እንዴት እንደሚቆሙ ጻፍልኝ፤ በትልቅ ፊደል።

እናትህ ረቢአ ደህና ናት። የማልሸሽግህ ግን፣ ስልክህን አሁንም አታነሳም። አባትህ ከተቀበረ በጥር አራት ዓመት ይሞላዋል፤ «ለቀብር ያልመጣ በስልክ ይመጣል?» ያለችው ቃል ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። የላክህልኝን የአባትህን መንዙማ በስልኬ ከፍቼላት ነበር። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችና «ይሄ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ነው። የሱን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ስልኬን መለሰችልኝ። በነዚህ ሰሌዳዎች እሱን ራሱን ብትሰማው ልቧ ወዳንተም ትንሽ ይመለስ ይሆናል ብለህ እንደላክኻቸው ይገባኛል። አልጻፍከውም፤ ደላላ ግን ያልተባለውን ነው የሚሰማው። እስከ ጥር ወር ሰደቃው አስተካክለን እናቆማቸዋለን፣ አብሽር።

ሥራ አልለቅ አለኝ ብለህ ነበር ያኔ። ዛሬስ አልለቀቀህም? መቼ ነው የምትመጣው?

ብር አትላክ። የንባብ መነጽር ላክ፤ ፊደሉ ስጠጋው ይሸሸኛል።

አጎትህ ሙህዲን፣ በገዛ እጁ


ሮተርዳም፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ ሙህዲን፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ቤትዎን በረካ ይሙላው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም የተሳሳተ ፊደል የለበትም ብዬ ልዋሽዎት ነበር፤ አራት አሉ። ያልገባኝ ቃል ግን አንድም የለም። ከእርስዎ እጅ የወጣ ወረቀት በሕይወቴ እይዛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። መነጽሩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሰሌዳዎቹ ከየት እንደመጡ ልንገርዎት። እሠራበት የነበረው ሱቅ ባለቤት አሮጌ የድምፅ ዕቃ የሚጠግን ሽማግሌ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ሱቁን ዘጋና፣ ስድስት ዓመት አብሬው ስለሠራሁ እነዚህን ስጦታ ሰጠኝ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን የአባቴን ቅጂ በእነሱ ከፍቼው ነበር። ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶ የሆነ ነገር ይበይዳል፤ ቋንቋችንን አያውቅም። ብየዳውን አቁሞ ዞረና «ማነው የገባው?» አለኝ። ያኔ ነው ወደ እማ መሄድ አለባቸው ያልኩት።

አሁን አቋቋማቸውን እጽፋለሁ። ዳንቴሉ ይነሳ፤ ቶይባን እጇን ስመው ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እነዚህ እንደ ሳዳም ሞንታርቦ ሳጥን የላቸውም። ውስጣቸው ስስ ሽፋን አለ፤ ሲርገበገብ ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። ስለዚህ በጀርባቸውም እንደ ፊታቸው ይናገራሉ። ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ የጀርባው ድምፅ ወዲያው እየተመለሰ ከፊቱ ጋር ይጣላል፤ ጎተራ የሆነብዎት ለዚህ ነው። ሦስት ክንድ ያህል ወደ መሀል ያውጧቸው።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። ፊታቸውን ወደ አድማጩ ትንሽ ያዘንብሉት፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አንድ እንግዳ ሲያነጋግሩ እንደሚዞሩት ያህል ብቻ። ቀይ ክር ያሰርኩበት በግራ፣ ሰማያዊ ያሰርኩበት በቀኝ ይቁም። ልክ ሲመጣ ያውቁታል፤ ድምፁ ከሰሌዳዎቹ መምጣቱን ይተውና መንዙማውን የሚሉት ሰዎች ከነቦታቸው ተቀምጠው ይሰማሉ።

እማን መሀል ላይ ያስቀምጡልኝ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

አላህ ውለታዎን ይክፈልልኝ።

ልጅዎ ቶፊቅ


ከሚሴ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቶፊቅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጅርታ? አላህ የልብህን መሻት ይስጥህ፤ እንዳከበርከን ያክብርህ። መነጽሩ ደርሶኝ ከሚሴን እንደ አዲስ እያነበብኳት ነው። ባጃጁ ሁሉ ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው ለካ! እስከ መናኸሪያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ያላነበብኩትን ባጃጅ ማሳለፍ አቃተኝ።

ሰደቃው አማረ። ሰውም ከጨፋ ሮቢት ድረስ መጣ። አንተ በላክኸው ሁለት በግ ታርዷል፤ የበጎቹን ነገር ደላላው ማን እንደሆነ ስለምታውቅ አልነግርህም። ሰው ሁሉ ስምህን እያነሳ መረቀህ።

መመሪያህን ራሴ አነበብኩ፤ ራሴ ፈጸምኩ። ዳንቴሉን አነሳሁ። ቶይባ አኩርፋ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። ሦስት ክንድ ከግድግዳ አወጣሁ፤ ክንዱም የኔ ክንድ ነው፣ ረጅም። አንድ ነገር ግን አንተ የረሳኸውን አስተካከልኩልህ። ፈረንጅ ወንዱም ሴቱም አንድ ሶፋ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለቱንም ሰሌዳ ፊቱ ይገትራል። የኛን ቤት ታውቀዋለህ፤ ወንዱ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሴቱ ከመጋረጃው ወዲያ። ሁለት ከላክህ አንድ ለወንድ አንድ ለሴት ማለትህ ነው ብዬ ተረዳሁ። ቀይ ክር ያለውን ከወንዶቹ፣ ሰማያዊውን ከሴቶቹ ጋር አቆምኩ። እንዲህ ያለ ፍትሕ ቃዲም አልፈረደ!

ከዚያ ሳዳም የአባትህን ቅጂ ከፈተው።

ቶፊቅ፣ ወላሂ፣ አባትህ ገባ። ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግባት ያቺ ትንሽ ሳል አለች አይደል? እሷ ቀድማ ገባች። ዕድሜ ልኩን አብሮት ሲቀበል የኖረው ሙጂብ ከፍራሹ ብድግ ብሎ «ኮቱ፣ ታኢ፤ ና ተቀመጥ» አለና ቦታ ለቀቀለት። ማንም አልሳቀበትም። ሁሉም ጠጋ ጠጋ አለ። ሳዳም እንኳ «የሚያጓራው ቡፈሩ የት ነው?» እያለ ሲያበሽቀኝ የነበረው፣ ጥግ ይዞ በሻሹ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። አሁን ከሚሴ ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ማነው ቢባል ሳዳም መባሉ ቀርቷል። ማን እንደሚባል እኔ ብናገር ትምክህት ይሆንብኛል።

እናትህም ደህና ናት። ትንሽ ደክሟት ቀደም ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

መቼ ትመጣለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ያን መስመር ዘለልከው መሰለኝ። እኔም ተማሪ ሳለሁ የከበደኝን እዘል ነበር።

አጎትህ ሙህዲን


ሮተርዳም፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ሙህዲን፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ረመዳን በደጅ ነውና ጾሙን የጤና፣ ዱዓውን የተሰማ ያድርግልን። ስለ ሰደቃው አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎት። ሙጂብ ቦታ ለቀቀለት ያሉትን ሳነብ ባቡር ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬን አለፍኩት።

ግን አጎቴ፣ ስለ ወንዶቹ አንድ ገጽ ጻፉልኝ፤ ስለ እማ አንድ መስመር። እማ ደክሟት ከሰው መሀል ተነስታ አታውቅም። ምን ሰማች?

እኔ የሚመስለኝን ልንገርዎትና እውነቱን ይጻፉልኝ። ያን መንዙማ ስቀርጽ ሁለት ማይክ ነበረኝ። አንዱን አባቴ ፊት፣ ሌላውን ተቀባዮቹና ድቤው ፊት አቆምኩ። ስለዚህ አባቴ ያለው በቀዩ ክር በኩል ነው። በሰማያዊው በኩል ያለው ድቤና ተቀባይ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ከቆሙ ለሴቶቹ የደረሳቸው አባቴ የሌለበት መንዙማ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የቤታችንን መጋረጃ ረስቼ ነው የጻፍኩት። አሥር ዓመት ከቤት መራቅ ማለት ይሄ ነው ለካ።

መላ ግን አለው። በጀርባቸውም ይናገራሉ ብዬ ነበር። ሁለቱንም ግድግዳ ጋ ሳይሆን መሀል ቤት፣ መጋረጃው ባለበት መስመር ላይ ጎን ለጎን ያቁሟቸው። በፊታቸው ያለ ይሰማል፤ በጀርባቸው ያለም ይሰማል፤ ሁለቱም ወገን አባቴንም ተቀባዮቹንም ያገኛል። ከባድ ጨርቅ ግን አይሸፍናቸው። ጎናቸው ብቻ ድዳ ነው፤ በጎናቸው ትይዩ ሰው አይቀመጥ።

የዘለልኩትን መስመር አሁን አልዘለውም። ሥራ አልለቀቀኝም ያልኩት ውሸት ነው። አባቴ ሲሞት የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም። ከወጣሁ መመለስ አልችልም ነበር፤ ልውጣ አልውጣ እያልኩ ሳሰላ ቀብሩ አለፈ። ዛሬም ፈቃዱ አልወጣም፤ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነው። «ልጄ አውሮፓ ተደላድሎ ይኖራል» እያላችሁ ለሰው ስትነግሩ፣ ተደብቄ ነው የምኖረው ማለት አሳፈረኝ። ለእማ አይንገሩብኝ። ከእኔ አንደበት ነው መስማት ያለባት፤ እሱም ስልኬን ካነሳች ነው።

አውፍ ይበሉኝ።

ልጅዎ ቶፊቅ


ከሚሴ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለቶፊቅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ኢድ ሙባረክ። አላህ የከበደህን ያቅልልህ፤ የተዘጋብህን ይክፈትልህ፤ ያፈርክበትን ነገር ደግሞ መሳቂያህ ያድርገው።

ከሁሉ በፊት አንተ አውፍ በለኝ። በጥር የጻፍኩልህ እውነት ነበር፣ ግን ግማሽ ነበር። ከብት ስሸጥ እንደማደርገው ጥርሱን አሳይቼህ ሰኮናውን ደበቅኩ። እናትህ አልደከማትም። ከመጋረጃው ወዲህ እኛ እንባችንን ስናፈስ፣ ወዲያ ድቤና ጭብጨባ ብቻ ነበር። አባትህ ከሩቅ ነው የሚሰማቸው። ትንሽ ታገሰችና በመጋረጃው ጫፍ ብቅ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ሙህዲን፣ አባወራውን በገዛ ቤቱ ከጎረቤት አስቀመጥከው» አለችኝና ገባች።

በጥር ስጽፍልህ ብዕሩ እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመብኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ በረመዳን አጋማሽ ነው። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ በልብ ማንበብ አልችልም። ሙና «እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ነው» ብላኛለች። አፌ ካልተናገረ ዓይኔ ብቻውን አያነብም። ከዙሁር በኋላ በእናትህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ እንደለመድኩት ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ማይኩን አነበብኩ፣ መጋረጃውን አነበብኩ፣ የፈቃዱንም ነገር አነበብኩ። «ለእማ አይንገሩብኝ» የምትለዋን ከጨረስኩ በኋላ ነው ቀና ያልኩት። እናትህ ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

እሷ ሰፌዱን ደፉ ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱን እያየች፣

«አፍሮ ነው?» አለችኝ።

«አፍሮ ነው» አልኳት።

«ከኔ?»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ሰፌዱን አነሳችና «እነዚያን ነገሮች መቼ ነው በወጉ የምታቆማቸው?» ብላ ገባች። ስለ አንተ ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔም አልነካካኋትም። ሲያመነታ የነካኩት ገዢ ይሄዳል።

ኢድ በዋለ በሦስተኛው ቀን ሰው ጠራሁ። ገመድ አመጣሁ፤ ኮርማ የማስርበትን። ጫፍና ጫፉን አስሬ ሦስት እኩል ቦታ ቋጠርኩት። አንዱን ቋጠሮ ቀዩ ሰሌዳ ሥር፣ አንዱን ሰማያዊው ሥር፣ ሦስተኛው ሲወጠር የወደቀበት ቦታ ላይ የእናትህን መከዳ አኖርኩ። በሜትር ቢለካ ከዚህ አይስተካከልም። መጋረጃውን ቀድጄ በሦስት ከፈልኩት፤ አንዱን ከግድግዳ እስከ ቀዩ፣ አንዱን በሁለቱ መሀል፣ አንዱን ከሰማያዊው እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ዘረጋሁ። ሰሌዳዎቹ ራሳቸው መጋረጃ ሆነው ቆሙ። ሙና መጥታ አየችና «ይሄን ክፍል ውስጥ ብትሠራው ኖሮ አንደኛ ትወጣ ነበር» አለችኝ። ሙገሳ ነው ስድብ? እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ከዚያ ጠቡ መጣ። ፊቱን ለሴቶቹ አዞርኩት። ወንዶቹ አጉረመረሙ።

«እኛ የምንሰማው በጀርባው ነው?» አለ አንዱ።

«በሬ ስትገዛ ምኑን ነው የምትዳብሰው?» አልኩት።

«ጀርባውን።»

«በል ተቀመጥ!»

ሙጂብ ሳቀና «እኔ ከጀርባው ተቀምጬ ነው ሠላሳ ዓመት የተቀበልኩት፤ ቦታዬ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋልኝ። አላህ ይስጠው።

ሳዳም ከፍቶ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ታውቃለህ፣ በጎን ነው። እዚያ ቆሞ «ከፈትኩት እኮ፣ ምነው አይሰማም?» ይለኛል። «ድዳው ጎን ነው የቆምከው፣ ግባ!» አልኩት። ሁለት እርምጃ ገባና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ከዚህ በኋላ ከመጋረጃው ወዲያ የሆነውን የምነግርህ ቶይባ ያየችውን ነው።

እናትህ መከዳዋ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ የሰማነው ግን መንዙማውን አልነበረም። በስልክም፣ በሰደቃው ዕለትም ያልለየነው ነገር ከፊቱ ነበር። የልጅ ድምፅ፣ ያንተ ድምፅ፣ ከመሀል ቤት «አባ፣ ትንሽ ጠጋ በል» ይላል። አባትህ ሲንቀሳቀስ የፍራሹ ድምፅ ይሰማል። ደግሞ «አባ፣ ትንሽ ጠጋ።» ደግሞ «ትንሽ ብቻ።» በአራተኛው አባትህ «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ ማይኩን እውጠዋለሁ!» አለህ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የማን ሳቅ ነው? የረቢአ። አራት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ። እኛ ከመጋረጃው ወዲህ ተያየን።

ከዚያ ያቺ ሳል መጣች። እናትህ ሳቋን ዋጠች። እሱ ከውጭ ሲገባ እንደምታደርገው ሻሿን አስተካክላ፣ ቀና ብላ ተቀመጠች። እሱ በግራ፣ ተቀባዮቹ በቀኝ፣ ድቤው ከኋላ፣ ሁሉም ከነቦታው። እሷ ዓይኗን እሱ ካለበት አላነሳችም አለች ቶይባ። ቦታው ላይ ያለው ባዶ ምንጣፍ ነው። ሲያልቅ «ድገሙት» አለች። ደገምነው። «ከፊቱ ጀምራችሁ ነው የምትደግሙት» አለች። ከ«ጠጋ በል» ጀምረን ደገምነው። ሦስት ጊዜ። መብራቱም አልጠፋ፤ እሱም ያዳምጥ ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጥታ «ያን ስልክ ቁጥር ጻፍልኝ» አለችኝ። «እኔ ልደውልልሽ?» አልኳት። «ጻፍ ነው ያልኩህ» አለች። ትልልቅ አድርጌ ጻፍኩላት። ከስልኬ ጋር ሁለቴ አመሳከርኩት። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ትደውል አትደውል አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

ቶፊቅ፣ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። በሬ፣ ላም፣ ግመል አስገብቼ አስወጥቻለሁ። ሰውን ወደ ቤቱ ያስገባሁት ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም በአንተ ነው።

አጎትህ ሙህዲን


ሮተርዳም፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ሙህዲን፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ የእጅዎን ጽሑፍ ለብዙ ዘመን ያስነብበኝ። ጮክ ብለው ስላነበቡብኝ አልተቀየምኩም። እኔ አራት ዓመት ያቃተኝን እርስዎ በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ቶይባን፣ ሙጂብን፣ ሳዳምን ያመስግኑልኝ፤ አስተማሪዎን ከሁሉም በላይ። የፈቃዴ ጉዳይ በመስከረም ይታያል ተብያለሁ። በዱዓ አስቡኝ።

ስልኩ የመጣው ከደብዳቤዎ በፊት ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስሸከም ነበር። ቁጥሩን ሳይ ክፉ ነገር መስሎኝ እጄ ላይ የነበረውን ጣልኩት።

«ቶፊቅ» አለች። ሰላምታ የለም።

«እማ።»

«አባትህን አራት ጊዜ ነው ጠጋ በል ያልከው። አራት ጊዜ! ያን ጊዜ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ አታውቅም? ሰው አባቱን እንዲህ ያዛል?»

ስለምን እንደምታወራ አልገባኝም። ደብዳቤዎ ገና መንገድ ላይ ነበር። ግን እየተቆጣችኝ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ያልተቆጣችኝ እናቴ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የሥራ ባልደረቦቼ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏቸው ከበቡኝ።

«አውፍ በይኝ እማ» አልኳት።

«ስለየቱ?»

«ስለሁለቱም።»

ከኋላዋ ዶሮ ይጮሃል፤ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን አየሁ፤ አልዘጋችውም።

«አባትህን ስላዘዝከው አውፍ ብያለሁ» አለች። «የቀብሩን ስትመጣ እንነጋገርበታለን።»

እሺ አልኳት።

ልጅዎ ቶፊቅ